ተጨማሪ መረጃ፦ ሦስት ሰከንድ

አንዳንዶቻችሁ በኮኪት ገበያ ከሱዳን ከመጣ ነጋዴ ጋር በተሰባበረ ዓረብኛ ስትከራከሩ አታፍሩም፤ የጎደለውን ቃል በእጅ ምልክት ትሞሉታላችሁ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ግን አንደበታችሁ ይተሳሰራል። ይህ ስንፍና አይደለም። አዲስ ቋንቋ የሚለምድ ሰው ከመናገሩ በፊት እያዳመጠ የሚቆይበት ጊዜ «የዝምታ ወቅት» ይባላል።

ጥድፊያም ዝም ያሰኛል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየች። ይህ «የማሰቢያ ፋታ» ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎች መልስም ረዘመ፤ ብዙ የማይናገሩትም ይሳተፉ ጀመር። ጥናቶቹ የተካሄዱት በሳይንስ ክፍሎች ነው፤ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚመልስ ተማሪማ 3 ሰከንድም ሳያንሰው አይቀርም። 9ኛ ክፍል ስትደርሱ ደግሞ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው።

ሞክሩት፦ መምህራችሁ ሲጠይቁ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። መልሱን መጀመሪያ ለአጠገባችሁ ጓደኛ በሹክሹክታ ንገሩት፤ ከዚያ እጃችሁን አውጡ። ዝምተኛ ጓደኛችሁ መናገር ሲጀምር ደግሞ ቀድማችሁ አትጨርሱለት።