የጎማ ንፋስ መብራት፦ ውሸታም ወይስ ያልተሰማ ምስክር?

መኪና የሚነዱ አንባቢዎቻችን ሳያውቋት አይቀሩም። ዳሽቦርድ ላይ፣ የፈረስ ጫማ በመሰለ ቅርጽ ውስጥ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዛ የምትበራ ትንሽ ቢጫ መብራት ናት። «የጎማ ንፋስ ቀንሷል» ማለቷ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ውስጥ የማያምናት ሾፌር ብዙ ነው። መኪናውን የሸጠለት ሰው «ተዋት፣ ሴንሰሩ ነው» ብሎታል፤ ጎሚስታውም ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ሲል አሰናብቶታል። ከዚያ በኋላ መብራቷ እንደ ጌጥ ትቆጠራለች።

መረጃ ዋጋ የሚኖረው ውሳኔን ሲለውጥ ነው። ባለቤቱ ጆሮ የነፈገው መብራት ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ፣ ነገር ግን ጥቅም የማይሰጥ መረጃ ነው። በሌላ በኩል ሴንሰርም ይሳሳታልና መብራቷን በጭፍን ማመንም አያዋጣም። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «ትዋሻለች ወይስ አትዋሽም?» ተብሎ ሳይሆን «ብትሳሳት በምን ያህልና በምን ምክንያት?» ተብሎ ነው።

የአንድ መኪና ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ታላቅ ወንድም ያገለገለ መኪና ሲገዛ መብራቷ በርታ ነበር። መጀመሪያ የሄደበት ጎሚስታ አራቱንም ጎማዎች እስከ 40 ነፋቸው። (መለኪያው ፒ.ኤስ.አይ. ይባላል፤ በጎሚስታ ቤት ግን ቁጥሩ ብቻ ይጠራል።) መብራቷ ጠፋች፤ መኪናው ግን በየጉድጓዱ ይዘል ጀመር። ፋብሪካው ወዳዘዘው 33 ከወረደ ከጥቂት ቀናት በኋላ መብራቷ ተመልሳ በራች።

ሁለተኛው ጎሚስታ «ሴንሰሮቹ ሞተዋል» ሲል ፈረደ። ሁለት ያገለገሉ ሴንሰሮች ተገዙ። ከመታሰራቸው በፊት በመሣሪያ ሲፈተሹ የሬዲዮ ሞገዳቸው ከመኪናው ጋር የማይገጥም ሆኖ ተገኘ። ሻጩ «የተሸጠ አይመለስም» አለ፤ ገንዘቡ በዚያው ቀረ።

ቤተሰቡ ወደ አዳማ ሊሄድ በተዘጋጀበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ከጎረቤት በተዋስነው ጌጅ አራቱንም ጎማዎች ለካን። ዳሽቦርዱ 30፣ 29፣ 30 እና 22 ይላል። ጌጁ ደግሞ 33 ተኩል፣ 32 ተኩል፣ 33 ተኩል እና 25 ተኩል አነበበ። ልዩነቱ በአራቱም ላይ ያው 3 ተኩል ነው። «ሞቱ» የተባሉት ሴንሰሮች አራቱም በሕይወት አሉ፤ የሚናገሩትም አንድ ዓይነት ነው። ችግሩ የኋላ ቀኙ ጎማ ነበር። ሲወልቅ ሚስማር ተገኘበት። ንፋሱ አንሶ ለሳምንታት በመነዳቱ የጎኑ ውስጠኛ ክፍል ተፍቆ ዱቄት ሆኗል፤ ተለጥፎ የሚያገለግል አልነበረም። ስኮርታው ታስሮ ጉዞው ቀጠለ። ያ ጎማ በፈጣን መንገዱ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፣ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አንባቢ ይፍረድ።

ሦስት ተኩሉ ከየት መጣ?

የጎሚስታው ጌጅ የሚለካው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ፋብሪካው የሚያዘውም በዚሁ ስሌት ነው። በጎማው ውስጥ የታሸገው ሴንሰር ግን የውጭውን አየር አያገኘውም፤ የሚለካው ጠቅላላውን ግፊት ነው። ስለሆነም ኮምፒዩተሩ ከሴንሰሩ ቁጥር ላይ የውጭውን አየር ግፊት መቀነስ ይኖርበታል። አንዳንድ መኪናዎች የሚቀንሱት በባሕር ወለል ላይ ያለውን 14.7ን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሯ ግፊት 11 ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ 3 ተኩል ያህል መሆኑ ነው። የከፍታ ማስተካከያ ያላቸው መኪናዎች ይህ ችግር የለባቸውም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ልዩነቱ በአራቱም ጎማ ላይ እኩል ከሆነ ምክንያቱ ከፍታው ወይም ጌጁ ነው፤ ሴንሰር መግዛት አያስፈልግም። የአንዱ ጎማ ልዩነት ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ የሚጠረጠረው የዚያ ጎማ ሴንሰር ነው። ልዩነቱ እኩል ሆኖ አንዱ ጎማ በሁለቱም መለኪያ ካነሰ ግን ጎማው እያፈሰሰ ነው።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማው ንፋስ በ1 ተኩል ገደማ ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ መብራቷ በርታ ረፋዱ ላይ የምትጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ጎማው ከወሰኑ አፋፍ ላይ ስለነበረ ነው። ሲነዳ የቆየ ጎማ ስለሚሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል። ስለዚህ መለካት ያለበት መኪናው ካደረ በኋላ ነው፤ ከሞቀ ጎማ ላይ «በዝቷል» ብሎ ንፋስ ማውጣት ስሕተት ነው።

መብራቷ ከመቼ ጀምሮ?

መሣሪያው የመጣው በደም ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 የፋየርስቶን ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከአሜሪካ ገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። አብዛኞቹ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪና ላይ የታሰሩ ሲሆኑ፣ በአደጋዎቹ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የወጣው ሕግ ንፋስ መቀነሱን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲገጠም አዘዘ፤ ከመስከረም 2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ አዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት በ2014፣ ቻይና ደግሞ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ተከተሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋልና መብራቷ ከእኛ ጋር የምትቆይ ትመስላለች።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። የአሜሪካው ደንብ መብራቷ እንድትበራ የሚያስገድደው ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲቀንስ ነው። 32 የታዘዘለት ጎማ 24 እስኪደርስ ድረስ ላትበራ ትችላለች ማለት ነው። እንግዲህ አለመብራቷም ዋስትና አይሆንም።

ከመግዛትዎ በፊት

በብዙ መኪናዎች ላይ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆይታ ከዚያ ቀጥ ብላ ከበራች፣ ብልሽቱ ከመሣሪያው ነው። ከመነሻው ቀጥ ብላ ከበራች የሚታየው ጎማው ነው። የሴንሰሩ ባትሪ አብሮት የታሸገ በመሆኑ አይቀየርም፤ ዕድሜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ያህል ነው። ስለሆነም አሥር ዓመት ያገለገለ መኪና ላይ «ባትሪው አልቋል» ቢባል የሚታመን ነው። ጎማ ሲወልቅ በብረት ማንሻ የተመታ ሴንሰርም ይሰበራልና፣ ጎሚስታው ከመጀመሩ በፊት ሴንሰር እንዳለው ይንገሩት።

ሶማሌ ተራ ሲወርዱ አሮጌውን ሴንሰር ይዘው ይሂዱ። ለአሜሪካ የተሠራው ባብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠራው በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚናገረው፤ ሁለቱ አይግባቡም። የተገዛውም ቢሆን መኪናው እንዲያውቀው በመሣሪያ መመዝገብ ሊያስፈልገው ይችላል። በመሣሪያ ሳይፈተሽ ገንዘብ አይክፈሉ።

አንዳንድ መኪናዎች በጎማው ውስጥ ምንም ሴንሰር የላቸውም። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ዙሪያው ስለሚጠብ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ኮምፒዩተሩ ከፍሬኑ ሴንሰሮች ይህን ይቆጥራል። እንዲህ ያለው መኪና ጎማ ከተነፋ ወይም ከተቀየረ በኋላ እንደ አዲስ መስተካከል አለበት። አራቱ ጎማዎች የተለያየ ዓይነትና ዕድሜ ካላቸው ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

የሚነፋበት ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛው ጣሪያ እንጂ የሚታዘዘው ልክ አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራ። ጎማም ሴንሰርም በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ የምንዛሪው ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ የብር ዋጋቸው ምን እንደሆነ ገዢው ያውቀዋል። ወንድሜ ሁለት የማይሠሩ ሴንሰሮችና አንድ የተጣለ ጎማ ከፍሏል። አንድ ጌጅ ግን ዋጋው ከአንዱ ሴንሰር ዋጋ እንኳ በብዙ ያነሰ ነው። በወር አንድ ማለዳ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ አራቱን ቁጥሮች መጻፍ በቂ ነው። ልዩነቱን ያወቀ ሰው መብራቷ ስትበራ አይደነግጥም፤ አይንቃትምም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።