የካንሰሩ መድኃኒትና የልብ ዕዳ

የቺካጎው ሐኪም ዶክተር ቻርልስ ሀጊንስ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ከዘር ፍሬ በሚመነጨው በቴስቶስቴሮን እየተመገበ እንደሚያድግ፣ ይህም ሆርሞን ፍሬውን በማውጣት ወይም የሴት ሆርሞን በመስጠት ሲገታ ደዌው እንደሚያፈገፍግ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 በገለጡ ጊዜ፣ ሕማሙ አጥንታቸው ድረስ ለዘለቀ አረጋውያን ታላቅ የምሥራች ነበረ፤ በ1966ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ነገር ግን በሥጋችን አንዱ ብልት ከሌላው ጋር የተሳሰረ ነውና፣ ለአንዱ ፈውስ የሆነው ለሌላው ጠንቅ መሆኑን የገለጠው በ1960 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተጀመረው ሰፊ ጥናት ነው። ስቲልቤስትሮል የተባለውን ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን በየቀኑ 5 ሚሊግራም ይውጡ ከነበሩት ሕሙማን መካከል በካንሰሩ የሚሞተው ቢቀንስም፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚሞተው በዝቶ ተገኘ፤ ከአንዱ ሞት ያመለጠው በሌላው ተያዘ። የሚዋጠው ሆርሞን አስቀድሞ በጉበት ስለሚያልፍ፣ ጉበቱም ደም የሚያረጉትን ነገሮች አብዝቶ ስለሚያመነጭ፣ ደሙ በሥሩ ውስጥ ይረጋ ነበር።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቴስቶስቴሮንን የሚገቱ እንደ ሉፕሮላይድ ያሉ መርፌዎች ስቲልቤስትሮልን ሲተኩት ሥጋቱ ያለፈ መሰለ። ዳሩ ግን ቴስቶስቴሮን የተነፈገው ሰው ጡንቻው እየሟሸሸ ስቡ ይበዛል፣ ሰውነቱ ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፣ የደሙም ቅባት ይጨምራል። በ2006 የወጣ፣ ከ70 ሺህ በላይ አረጋውያንን የተከታተለ ጥናት መርፌውን ከስኳር በሽታ፣ ከልብ ሕመምና ከድንገተኛ ሞት ጋር አያያዘው፤ በ2010ም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመርፌው መግለጫ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። በ2011 ግን ከ4 ሺህ የሚበልጡ ሕሙማንን ያካተተ ምርመራ በልብ ሞት ላይ ጭማሪ አላገኘም። በ2020 በወጣ ጥናት ሬሉጎሊክስ የተባለውን እንክብል ከወሰዱት 2.9 በመቶ፣ ሉፕሮላይድ ከተወጉት ደግሞ 6.2 በመቶ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ ሲደርስባቸው፣ በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት ግን ዲጋሬሊክስ የተባለው መድኃኒት ከሉፕሮላይድ ጋር ቢወዳደር ልዩነት ሳይታይ ቀረ።

ሊቃውንቱ ይከራከሩ፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው ሽማግሌ ፒኤስኤ የተባለው የካንሰሩ የደም መለኪያ ወርዶ ሲገኝ ሐኪሙም ቤተ ዘመዱም ደስ ሲላቸው፣ የሆዱ መወፈርና ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ መቆራረጡ ለእርጅና ብቻ መሰጠቱ ነው። ደዌው ለተስፋፋበት ሰው ይህ ሕክምና ዛሬም አስፈላጊ ስለ ሆነ መርፌውን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

አንባቢ ሆይ፣ አባትህ ይህን መድኃኒት የሚጀምር እንደ ሆነ፣ ከመጀመሪያው መርፌ አስቀድሞ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩና ኮሌስትሮሉ እንዲለካለት፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው እንዲታይለት አሳስብ፤ ልቡ ከዚህ በፊት ታሞ ከነበረም ሳይሸሽግ ለሐኪሙ ይንገር።