ኬዝና ፓወር ሰፕላይ፦ ኮምፒውተር በቤቱ ለሚገጥም

ኮምፒውተር በቤቱ ሊገጥም የተነሳ ሰው ብሩን ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ላይ ያፈስና ለኬዝና ለፓወር ሰፕላይ የተረፈችውን ይመድባል። ሻጮችም ሁለቱን በአንድ ዋጋ አጣምረው ያቀርቡለታል፤ ውጪው በመብራት ያሸበረቀ ኬዝ፣ ውስጡ ስሙ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ። እኔ ይህን አልመክርም። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ዕቃ ከሶኬቱ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተዉትና ዕቃው ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ካርቶኑ «500 ዋት» እያለ ሠንጠረዡ በ12 ቮልት ሥር 18 አምፔር ብቻ ካሳየ፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ሐቀኛ 550 ዋት በዚያው መስመር 45 አምፔር ገደማ ይሰጣል።

ስንት ዋት ይበቃል? ራይዘን 5 7600 እስከ 88 ዋት፣ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 115 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ራሙ፣ ዲስኩና ፋኑ ተደምረውበትም ጠቅላላው 300 ዋት አይሞላም፤ ጥሩ 550 ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም። «80 ፕላስ» የሚለው ማኅተም የሚመሰክረው ለኃይል ብክነት ማነስ ነው እንጂ ለአደጋ መከላከያው ጥንካሬ አይደለም። ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ፈጽሞ አትሰኩበት፤ ቀዳዳው ቢገጥምም የሽቦው አደራደር ሊለያይ ስለሚችል ዲስክ ሊያቃጥል ይችላል።

ኬዙ ቀለል ይላል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው የኤቲኤክስ ልክ ስላለ የአንዱ ፋብሪካ ማዘርቦርድ በሌላው ኬዝ ይገባል። መለካት ያለበት የግራፊክስ ካርዱ ርዝመትና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣው ቁመት ነው። ከዚያ በኋላ ወሳኙ የአየር መተላለፊያው ነው። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ዓይን ይማርካል፤ ፋኑ ግን አየር የሚስብበት ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ስስ በመሆኑ በእኩል ፍጥነትና በእኩል ሙቀት የሚሠራ ፋን በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚያወጣውን ያህል ሙቀት አያወጣም። እኔ ብሆን ፊቱ ወንፊት የሆነውን፣ አቧራ ማጣሪያው ወጥቶ የሚታጠበውን እመርጣለሁ። ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ከበለጡ አቧራው በማጣሪያው በኩል ብቻ ለመግባት ይገደዳል። ፓወር ሰፕላዩ ከታች የሚቀመጥ ከሆነ ኬዙን ምንጣፍ ላይ አታሳርፉት፤ መተንፈሻው ይታፈናል።

አሮጌ ወይም ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ የገዛችሁ ደግሞ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ የቮልቴጅ መቀየሪያ እንዳለ እዩ። 115 ላይ ሆኖ ከኛ ሶኬት ጋር ከተገናኘ ወዲያው ይፈነዳል፤ ሳትሰኩ በፊት 230 ላይ አድርጉት።