ኩኩሉ በሳተላይት

በልጅነቱ ኩኩሉ ያልተጫወተ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው ይደበቃል፣ ከዚያ ፍለጋ ነው። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታም ያው ኩኩሉ ነው፤ ልዩነቱ የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ዕቃ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ደብተር ከትቶ ይደብቅና የቦታውን ኮኦርዲኔት ያሳውቃል። እናንተ በስልካችሁ ጂፒኤስ እየተመራችሁ ትሄዳላችሁ። ካገኛችሁት ስማችሁንና ቀኑን ትጽፋላችሁ፣ ዕቃውን እንደነበረ ትመልሳላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አጀማመሩ ደስ ይላል። የአሜሪካ መንግሥት ለደኅንነት በሚል ለተራው ሰው የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይስት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ማዛባቱ ቆመ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ኮኦርዲኔቱን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ ሌላው ቀርቶ የታሸገ ባቄላ ነበረበት። ሕጉ አንድ ነው፦ የሆነ ነገር ከወሰዳችሁ የሆነ ነገር ተኩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ድብቆች አሉ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን የያዘኝ ይህ ሕግ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ጠባቂ የሌለው የጋራ ነገር ቶሎ እንደሚያልቅ ነው፤ ሒሳብ ሳይከፍል ከታክሲ የሚወርድ ሰው አይጠፋማ! ታዲያ ይህ ሁሉ ሣጥን ያለ ዘበኛ እንዴት ቆየ?

ባለፈው ዓመት አምስት ጓደኛሞች ሆነን ሞከርነው። ሁለት የቡና ቆርቆሮ ወሰድን። አንዱ ውስጥ የሞባይል ካርድና የቁልፍ መያዣ፣ ሌላው ውስጥ ደብተርና እርሳስ ብቻ አደረግን። ባለሱቆቹ ፈቅደውልን ሁለት ሱቆች ጀርባ ደበቅናቸውና ኮኦርዲኔቱን ከመቶ በላይ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅን። በሳምንቱ የመጀመሪያው ባዶውን ነበር፣ የተካም የለም። የሁለተኛው ደብተር ግን አሥራ አንድ ስም ተጽፎበት ቆየን። አንዷ «እናቴን ይዤ መጥቼ ነው ያገኘሁት» ብላለች። ምስጢሩ ይኸው ነው። የሚሸጥ ነገር ከሌለበት የሚሰርቀው የለም፤ የሚቀረው የማግኘት ደስታ ነው፣ እሱ ደግሞ ለሌላው ቢደርስም አያልቅም።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል? የጂኦካሺንግን አፕ አውርዶ አካውንት መክፈት ነፃ ነው፤ አንዳንዱን ድብቅ ለማየት ግን ክፍያ አለው። አንድሮይድ ያላችሁ ሲጂኦ የሚባለውን ነፃ አፕ ሞክሩ። አስቸጋሪነቱም መንገዱም ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል፤ በ1 ጀምሩ። እኛ አገር ካርታው እንደ አውሮፓ በነጥብ የተሞላ አይደለም፤ እኛ እንዳደረግነው ከጓደኛ ጋር የራስን መደበቅ ይቻላል።

ዳታ አይስጋችሁ፣ ጂፒኤስ በራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካርታውን አውርዳችሁ ውጡ። ኮኦርዲኔት ስትገለብጡ ግን አጻጻፉን እዩ። ጎግል ማፕ በዲግሪ ብቻ ይሰጣል፣ ጨዋታው ዲግሪና ደቂቃ ይጠቀማል። ከነጥብ በኋላ ያለውን በ60 ታባዛላችሁ፦ 9.03 ዲግሪ ማለት 9 ዲግሪ ከ1.8 ደቂቃ ነው። «9 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ» ብላችሁ ካነበባችሁት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ቦታው ስትደርሱ ደግሞ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ክፍት ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፣ ፎቅ ሥር ደግሞ ይብስበታል። ከዚያ በኋላ ሥራው የዓይን ነው፦ ያለቦታው የተቀመጠ ድንጋይ፣ የተነካካ ቅጠል ፈልጉ። ስልኩን ኪስ መክተት ከነጣቂም ያድናል።

አሁን ዋናው ነገር። ግንብ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ወጣት እኛ ከተማ ውስጥ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ዌዘርቢ በምትባል ከተማ ካፌ ደጅ የተደበቀች ሣጥን ቦምብ መስላ የፈንጂ አምካኝ ቡድን አፈንድቷታል። ስለዚህ ድልድይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ካምፕና ኤምባሲ አካባቢ አትደብቁ፣ አትፈልጉም። የግል ቦታ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ዕቃው የሚያሳይ ይሁን፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነና ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉበት። ምግብ አትክተቱ፣ እንስሳ ይስባል። መሬት ቆፍሮ መቅበርም ክልክል ነው። ዘበኛ ካለ ቀድማችሁ ሰላም በሉ፦ «ጋሼ፣ ጨዋታ ነው፣ ትንሽ ሣጥን እየፈለግን ነው» ማለት ይበቃል። እኛን አንድ ዘበኛ መታወቂያ ካዩ በኋላ አብረውን ፈልገዋል።

ሣጥን ጨርሶ የማይፈልግም ዓይነት አለ፣ ኧርዝካሽ ይባላል። ቦታው ራሱ ነው ግኝቱ፤ ሄዳችሁ ታያላችሁ፣ ስለ አፈጣጠሩ የተጠየቀውን ትመልሳላችሁ። ለእኛ አገር የሚሆነው ይሄ ይመስለኛል። ቢሾፍቱ ሄደን ሐይቅ ዳር ፎቶ ያልተነሣን ስንት ነን? ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ውኃዎች መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? የገደሉን ዳር ድርብርብ አለት ቀርቦ ማየት ብቻውን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ወጪው የታክሲ ሒሳብና የሞላ ባትሪ ነው። እስክሪብቶ፣ ውኃና አንድ ጓደኛ ያዙ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። ያገኛችሁትንም እንዳገኛችሁት ተዉት፤ ከኋላችሁ የሚመጣ አለ።