ማስረጃው የየትኛው ባክቴሪያ ነው?

የሥነ ምግብ ባለሙያን «ፕሮባዮቲክ ልውሰድ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። በደፈናው አዎ ወይም አይ ማለት ግን አይቻልም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትርጓሜ መሠረት ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ተሕዋስ ነው። ጥቅሙ የሚረጋገጠው ደግሞ ለአንድ ንዑስ ዝርያ፣ በተወሰነ መጠን፣ ለተለየ ችግር ነው። በአንቲባዮቲክ ሳቢያ የሚመጣን ተቅማጥ እንደሚከላከል የተፈተነ ባክቴሪያ፣ ሌላው ባክቴሪያ የሆድ መነፋትን ያስታግሳል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ገበያው ግን የሚሸጠው የወል ስሙን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አክቲቪያ የተባለውን እርጎ የሚያመርተውን ዳነንን የከሰሰው በመጠኑ ጉዳይ ነበር። ማስታወቂያው በቀን አንድ ጊዜ መመገብ የአንጀትን ሥራ ያስተካክላል ይል ነበር፤ ኮሚሽኑ ማስረጃው በቀን ሦስት ጊዜ ለሚመገብ ነው አለ። ኩባንያው ለ39 ክፍላተ ግዛት 21 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ።

መመዘኛው ከመጠን በላይ ጠብቋል የሚሉ አምራቾች አሉ። የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የቀረቡለትን የፕሮባዮቲክ ማመልከቻዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ውድቅ ማድረጉ እውነት ነው። ነገር ግን በእርጎ ውስጥ ያሉ ሕያው ባክቴሪያዎች የወተት ስኳር ለማይስማማው ሰው እንደሚረዱ ተቀብሏል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከቺኮሪ ተክል የሚገኝ ኢኑሊን የተባለ፣ ባክቴሪያን የሚመግብ ፋይበር በቀን 12 ግራም ሲወሰድ የሰገራን ድግግሞሽ እንደሚጨምር ደምድሟል። መጠኑንና ውጤቱን ለይቶ ያሳየ አልፏል ማለት ነው። «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለውም ለጤነኛ አዋቂ በአብዛኛው ልክ ነው፤ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ግን ልክ አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. ሐኪሞችን ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው።

እኛማ በባክቴሪያ የቦካ እንጀራ እንበላለን የሚልም አለ። የሊጡ ባክቴሪያ የምጣዱን ሙቀት አይቋቋምም። እርጎ ሕያው ነው፤ በውስጡ የትኛው ባክቴሪያ በምን ያህል እንዳለ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ባክቴሪያን የሚመግበው ፕሪባዮቲክ በአንጻሩ ሕይወት ስለሌለው እሳት አይገድለውም፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የኢኑሊን ወገን የሆነ ፋይበር አላቸው፤ ምስርና ሽምብራም አንጀታችን የማይፈጨው፣ ባክቴሪያው ግን የሚመገበው ስኳር አላቸው። የጾም ወጥ በዚህ የበለጸገ ነው። ፕሮባዮቲክ ለመግዛት የቆረጠ ሰው የንዑስ ዝርያው ሙሉ ስም መጻፉን፣ የሕያዋኑም ቁጥር ሲመረት የነበረው ሳይሆን እስከ መጠቀሚያው ማብቂያ ቀን የሚቆየው መሆኑን ይመልከት። ማሸጊያው ይህን ካልያዘ፣ ገንዘቡን ምስርና ሽንኩርት ቢገዛበት እመርጣለሁ።