የጅቡቲ ከተማ መብራትና የደጋው ዝናም

በጅቡቲ ከተማ በሰኔና በሐምሌ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኻምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ ሲነፍስ ሌሊቱ እንኳ እምብዛም አይበርድም። በነዚህ ወራት ማራገቢያና የአየር ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ አይባልም፤ ሕፃንና በሽተኛ ላለበት ቤት የግድ ያስፈልጋል። የከተማው የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጠውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ቀድሞ ኃይሉን የሚሰጡት በቡላዎስ የተተከሉት የናፍጣ ሞተሮች ነበሩ። ናፍጣው በመርከብ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ከዓለም ገበያ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2011 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከድሬዳዋ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርስ የ230 ሺህ ቮልት መሥመር ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሆኗል፤ ይኸውም በይበልጥ ከውሀ ግድቦች የሚገኝ ነው። ስለዚህ የወደቡ ነዋሪ አምፑሉን ሲያበራ በግቤና በተከዜ ተፋሰስ የዘነበውን ዝናም ይጠቀማል ማለት ነው።

ነገር ግን ወራቱ አይገጥሙም። የደጋው ክረምት የሚገባው በሰኔ ሲሆን፣ ግድቦቹ ውሀቸው ከሁሉ የሚያንሰው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በግንቦት አካባቢ ነው። የቆላው ሙቀት ሲበረታ የደጋው ውሀ ተሟጦ ይገኛል። በ2019 በግንቦት ወር የግቤ 3 ግድብ ውሀ በመቀነሱ ኢትዮጵያ ለራስዋ ሕዝብ መብራት በፈረቃ እስከ መስጠት ደርሳ፣ ለጅቡቲና ለሱዳን የምትሸጠውንም አቋርጣ ነበር። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እጅግ ብዙ ውሀ ስለሚያጠራቅም ችግሩን ያቃልላል። ሆኖም ድርቅ በተከታታይ ቢመጣ የትኛውም ግድብ መጉደሉ አይቀርም።

ይህ ዓምድ የእርሻ ዓምድ ስለ ሆነ ስለ አፈርም እንናገር። በ1960 የተመረቀው የአዋሽ ቆቃ ግድብ ከተራቆተው ደጋ ታጥቦ በወረደ ደለል ብዙ የማጠራቀሚያ ቦታውን አጥቷል። ደለል የያዘውን ቦታ ውሀ አይዘውም። ገበሬው በተዳፋት ማሳው ላይ እርከን ሲሠራ የሚያስበው ስለ እህሉ ነው፤ ከግድቡ በላይ ያለ ማሳ ከሆነ ግን ሥራው ለመብራቱም ይተርፋል።

ጅቡቲም በበኩልዋ በምድርዋ ያለውን ኃይል መፈለግዋ አልቀረም። በ2023 በጉቤት ባሕረ ሰላጤ አጠገብ 17 የነፋስ ተርባይኖች ተመርቀዋል፤ ኃይላቸውም ወደ 60 ሜጋዋት ይጠጋል። ከዚያ አልፎ ያለው የአሳል ሐይቅ ታሪክ ግን ረዘም ያለ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ አፋሮች ከጥንት ጀምረው ጨው እየጫኑ ወደ ደጋ የሚወስዱበት ስፍራ ነው። በ1975 እዚያ የመጀመሪያው ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ተርባይን ለማዞር የሚበቃ ትኩስ ውሀ በእርግጥ ተገኘ። ዳሩ ግን ውሀው ከባሕር ውሀ ሦስት እጥፍ በላይ ጨው የያዘ ሆነ። ወደ ላይ ሲወጣና ግፊቱ ሲቀንስ የሟሟው ማዕድን በቧንቧው ውስጥ ይጋገራል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት መሆኑ ነው፤ ቧንቧውንም ቀስ በቀስ ያጠበዋል። ያን ሁሉ ሙቀት ከእግራቸው በታች ይዘው ናፍጣ ሲገዙ የኖሩት ስለዚህ ነው።

ፀሐይ በጅቡቲ ሞልታለች፤ ለሌሊቱ ሙቀት ግን ባትሪ ካልተጨመረ አትደርስም። ለአትክልት ማጠጫ ከሆነ ይህ ጉድለት የለም። በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ሰው፣ ቀን በፀሐይ ኃይል የሳበውን ውሀ በገንዳ አጠራቅሞ በማታ ሊያጠጣ ይችላል፤ ባትሪም አያስፈልገውም። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቅ። ናፍጣ ሲገዛ ወጪው ራሱ ሞተሩን እንዲያጠፋ ያስገድደው ነበር። የፀሐይ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ያለ ወጪ ይስባል፤ የጉድጓዱ ጣፋጭ ውሀ ከልክ በላይ ከተሳበም የባሕሩ ጨው በአፈር ውስጥ ገብቶ ይተካዋል። የከተማው ጉድጓዶች ይህ ጉዳት ከደረሰባቸው ቈይተዋል። ስለዚህ ፓምፑን የሚገዛ ሰው፣ ገንዳው ሲሞላ ሞተሩን በራሱ የሚያቆመውን ተንሳፋፊ መዝጊያ አብሮ ያስገጥም፤ ውሀውንም በየጊዜው ይቅመስ።