አንድ ሻጭ ባለበት ከተማ ርካሹን መብራት መምረጥ

በዱራሜ ለመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ የሚሸጠው ተቋም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በሆሳዕና፣ በሺንሺቾ፣ በሾኔም ሆነ በአዲስ አበባ ያለው ይኸው ነው። ነዋሪው እስካሁን «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው ድርጅት በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። ግድቦቹንና ከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመሮቹን የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ቆጣሪ የሚተክለውና ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ቤተሰቡ የሚገናኘው ከሁለተኛው ጋር ነው። ዋጋውም በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ የጊቤ ሦስት ግድብ ወደሚገኝበት አካባቢ የቀረበ ከተማ ከሩቁ ከተማ የተለየ ዋጋ አይከፍልም።

በሌላው ዓለም ሻጭ የሚመረጥባቸው አገሮች አሉ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት የኤሌክትሪክ ሻጩን መቀየር ይችላል። ርካሽ ዋጋ እያቀረቡ ደንበኛ የሰበሰቡ ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎችም ተፈጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የጋዝ ዋጋ ሲንር ግን ከእነዚህ ውስጥ ሠላሳ ገደማ የሚሆኑት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደቁ፤ ደንበኞቻቸው ወደ ሌሎች ድርጅቶች ሲዛወሩ ወጪው በሁሉም ተጠቃሚ ላይ ተከፋፈለ። በአሜሪካ ቴክሳስም በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ በደረሰው የበረዶ ማዕበል፣ የጅምላ ገበያውን ዋጋ ተከትለው ለመክፈል የተዋዋሉ ቤተሰቦች በሺህ የሚቆጠር ዶላር ተጠየቁ። በእነዚህ አገሮችም ቢሆን ምሰሶውና ሽቦው አንድ ነው፤ የሚቀያየረው ሒሳቡን የሚልከው ድርጅት ነው።

በዱራሜ ሻጭ አይመረጥም ማለት ግን ምርጫ የለም ማለት አይደለም። ምርጫው መብራቱ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ላይ ነው፤ በራስ ቆጣሪ፣ በአከራይ ወይም በጎረቤት ቆጣሪ፣ በሶላር፣ አለዚያም በጀነሬተር። በእነዚህ መንገዶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በብሪታንያ ሁለት ሻጮች መካከል ከሚታየው እጅግ ይሰፋል። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ብዙ የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ገቢ ያለው ተከራይ ነው።

ምክንያቱ የታሪፉ አሠራር ነው። የቤት ውስጥ ፍጆታ የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ወርኃዊ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እርከን በእርከን ይወጣል። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመታት ተከፋፍሎ በተተገበረው ታሪፍ፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያ እርከን በ0.273 ብር ሳይነካ ቆየ። በአራተኛው ዓመት ከ51 እስከ 100 ያለው 0.767 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.625 ብር፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2.481 ብር ደረሰ። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በላይኛው እርከን ከታችኛው ዘጠኝ እጥፍ ያስከፍል ነበር ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል፤ ይህም ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ የሚሄድ ነው። ዋጋዎቹ ከፍ ቢሉም የእርከኑ መዋቅር አልተለወጠም፤ ዝቅተኛ ተጠቃሚ አሁንም የተሻለ ድጎማ ያገኛል። በየሦስት ወሩ የሚለወጥ ዋጋ በቃል ሊያዝ ስለማይችል፣ የወቅቱን ዋጋ ከአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል መጠየቅ ይበጃል።

አሁን አንድ ግቢ ይታሰብ። አከራዩ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል፤ በሰርቪስ ቤቶቹ ያሉት ሦስት ተከራዮች ደግሞ እያንዳንዳቸው 40። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ ከመጀመሪያው እርከን አይወጣም፤ በ2014 ዓ.ም. ዋጋ የፍጆታ ሒሳቡ ወደ 11 ብር ይጠጋ ነበር። ሁሉም በአንድ ቆጣሪ ሲቀጥሉ ግን ድምሩ 210 ይሆንና ሒሳቡ አራተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ተከራይ የትልቅ ቤት ዋጋ ይካፈላል። በአንዳንድ ግቢ ሒሳቡ የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው፤ አንዳንዱ ጋ ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለምጣድ ይህን ያህል ተብሎ ይቆረጣል። በሁለቱም መንገድ ተከራዩ ያልተጠቀመበትን ሊከፍል ይችላል። አከራዩ የግል ቆጣሪ ለማስገባት ካልፈቀደ፣ ለየክፍሉ በገበያ የሚሸጥ ትንሽ መቁጠሪያ ማስገጠም ቢያንስ ክፍፍሉን ፍትሐዊ ያደርጋል፤ እርከኑን ግን አያወርድም።

የራስ ቆጣሪ ማስገባት መጀመሪያ ላይ ወጪ አለው። ማመልከቻ፣ መታወቂያና የቤቱን ይዞታ የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል፤ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን አይቶ ግምት ያወጣል። ግምቱ በዋናነት የሚወሰነው ቤቱ ከምሰሶ ባለው ርቀትና በሚፈለገው መስመር ነው። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለአንድ ምጣድ ነጠላ ፌዝ ይበቃል፤ ወፍጮ ወይም የብየዳ ሥራ የሌለው ቤት ባለ ሦስት ፌዝ አያስፈልገውም። ከማመልከቱ በፊት የቤቱ የውስጥ ሽቦ በባለሙያ መዘርጋት አለበት። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ከጎረቤት በቀጭን ሽቦ በአጥር ላይ የተሳበ መስመር ይህን አይችልም፤ ሽቦው ይግላል፣ መጋጠሚያው ይቃጠላል፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ደግሞ በቀላሉ እሳት ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ከጎረቤት የሚሳብ መስመር ከርካሽ መንገዶች ጋር ሊቆጠር አይገባም።

ቆጣሪው ሲገባ ካርድ ወይም ድኅረ ክፍያ የሚል ጥያቄ ይነሳል። በካርድ ቆጣሪ ቤተሰቡ የሚጠቀመውን አስቀድሞ ይሞላል፤ በየቀኑ የሚቀንሰውን እያየ ራሱን ይቆጣጠራል፤ ውዝፍ ዕዳ አይመጣበትም። ሒሳቡ በበዓል ዋዜማ ካለቀ ግን ቤቱ ይጨልማል። በድኅረ ክፍያ ደግሞ ቆጣሪ አንባቢው ለተወሰኑ ወራት ካልመጣ የተጠራቀመው ፍጆታ በአንድ ላይ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ በየወሩ በአንድ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ ማንሳትና ደረሰኙ ላይ ካለው ንባብ ጋር ማስተያየት። ቅሬታ ሲቀርብም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከመጀመሪያው እርከን ላለመውጣት የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። አምስት ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይወስዳሉ። 60 ዋት ቴሌቪዥን ለዚያው ሰዓት 9 ይወስዳል። ስልክ መሙላት ከቁጥር አይገባም። ምጣድ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ቢጋገርበት ብቻውን 30 ይደርሳል። ስለዚህ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ምጣድ ያለው ቤት ከ50 በታች መቆየት ይችላል፤ ፍሪጅ ሲጨመር ያልፋል። የጊዜ ምርጫም ለውጥ ያመጣል። ማታ ሁሉም ሲለኩስ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ከ220 ወደ 180 ከወረደ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ይቀንሳል። ምጣዱ ቶሎ ስለማይግል መጋገሩ ይረዝማል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚባክነው ሙቀት ቆጣሪው ላይ ይመዘገባል። ማለዳ ወይም እኩለ ቀን ላይ መጋገር ይሻላል። ቆጮ በማገዶ የሚጋግር ቤተሰብ ምጣድ ሳይገዛ በመጀመሪያው እርከን ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የማገዶው ጭስና የሴቶቹ ድካም ግን ከሒሳቡ መውጣት የለበትም።

ከከተማው ወጣ ሲባል ነገሩ ይለወጣል። በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ቀበሌዎች ሰው በብዛት ቢሰፍርም ቤቶቹ በየእንሰት ማሳው መካከል ተበታትነዋል፤ መስመሩ በመንገድ ዳር ሲያልፍ ብዙ ጓሮዎች ከምሰሶ ይርቃሉ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከሕዝቡ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጪ በሆነ ኃይል እንዲዳረስ ያቀደው እንዲህ ያሉ ቦታዎችን በማሰብ ነው። በሰሜን ሸዋ ሬማ ቀበሌ ከሁለት አስርት ዓመታት በፊት የተጀመረው የሶላር ሥራ፣ ምሰሶ ሳይጠበቅ አንድ ቀበሌ በሙሉ ከኩራዝ ሊላቀቅ እንደሚችል አሳይቷል።

ሶላር ሲገዛ የሚጠበቅበትን ማወቅ ይገባል። ባለ 50 ዋት ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ በወር 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል፤ ለጥቂት አምፖሎች፣ ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል። ምጣድ አያግልም፤ በክረምት ደመናም ይቀንሳል። ያን ያህል ኃይል በራስ ቆጣሪ በመጀመሪያው እርከን ቢገዛ ዋጋው ጥቂት ብር ነው። ስለዚህ ምሰሶ አጠገብ ላለ ቤት ሶላር ብቻውን ርካሽ ምርጫ አይሆንም፤ ላምባና ባትሪ ድንጋይ እየገዛ፣ ስልኩንም በክፍያ ለሚያስሞላ ገበሬ ግን ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። ሰሌዳው ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ መጀመሪያ የሚሞተው ባትሪው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ሁልጊዜ እስኪያልቅ ከተሠራበት በሁለት በሦስት ዓመት ይደክማል፤ የሊቲየም ባትሪ ቢወደድም ይበልጥ ይቆያል። የቬራሶል የጥራት ማረጋገጫ ያለውን ዕቃ በጽሑፍ ዋስትና መግዛት፣ በገበያ ቀን መንገድ ዳር ከሚሸጠው ስም የለሽ ዕቃ ይሻላል።

ጀነሬተር ከሁሉም ውድ ነው። ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ያቃጥላል፤ የሊትሩ ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። ይህም ዘይትና ጥገና ሳይታሰብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ50 ብር በላይ ማለት ነው። ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ሥራው ለሚቆምበት ነጋዴ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ግን መስመሩ ሳለ የሚሞላ አንድ ሁለት የሊቲየም መብራት የአንድ ሌሊት ጨለማን በበቂ ይሸፍናል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ብዙዎች ዋጋው ይወርዳል፣ መቆራረጡም ይቀራል ብለው ጠብቀዋል። የቤት ታሪፍ ግን አስቀድሞ በጸደቀው የአራት ዓመት መርሐ ግብር ይሄዳል። በዱራሜ ሠፈሮች መብራት የሚጠፋበት ምክንያት የተሸከመው የበዛበት ትራንስፎርመር፣ ያረጀ ምሰሶ ወይም ነፋስ የበጠሰው ሽቦ ከሆነ፣ መፍትሔው ከግድቡ ሳይሆን ከሠፈሩ ይጀምራል። አዲስ ቤቶች በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ሲበዙ ነዋሪዎች በጋራ ፈርመው አቅሙ እንዲሻሻል ማመልከታቸው፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ስታቢላይዘር ከሚገዛ በጣም የረከሰ ነው።